የከሰዓቱ መዝገብ

እንዶድ አምባ
የካቲት 28 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለየኔታ መርስዔ ኃዘን፣ አዲስ አበባ

እንደምን ሰነበቱልኝ የኔታ? ዓይንዎስ እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ደህና ያልሆነው ጣሪያው ነው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እሱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ካፊያው በስምንተኛ ክፍል በኩል ገብቶ ሰሌዳውን አርሶታል። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ተገኘ፣ የክዳን ሳር የሚታጨድበት ጓሳ እስኪከፈት ታገሺ ይሉኛል። ሳሩን ከሚጠብቁት አንዱ እሳቸው ስለሆኑ መከራከር አልቻልኩም። እስከዚያ ልጆቹን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አስተምራለሁ።

ከሰዓቱን ማን ያዘው ላሉኝ፣ እኔው ይዤዋለሁ። ጠዋት እንደ ልማዴ ሒሳብና ሳይንስ፤ ከሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተሻግረን ግዕዙንና ዳዊቱን። ንባቡን የእትዬ ጥሩሸዋ ልጅ ሲና ታስጀምራለች፣ እኔ እከተላለሁ። አስተማሪዋ ተማሪዋን ስትከተል ቢያዩ ይስቁ ነበር። እንደ እርስዎ በክርስትና ስማቸው መጥራቱን ግን አልደፈርኩም። ስም ሳልጠራ በጣቴ እየጠቆምኩ ነው የማስነብባቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በታኅሣሥ እኔ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄጄ ሳለ፣ ሚኒስትሪ የሚፈተኑትን የሃያ ሦስቱን የስምንተኛ ክፍል ልጆች ስም ጽፈው የላኩት እርስዎ ነዎት። ከየትኛው መዝገብ ነበር የጻፉት? ከእኔ ከጠዋቱ ነው ወይስ ከእርስዎ ከከሰዓቱ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ደብዳቤዎ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነው። የእርስዎን ጽሕፈት በብራና ላይም ሆነ በስኳር መጠቅለያ ላይ አውቀዋለሁ። ማን ጻፈልዎ? መጨረሻው ላይም አንድ ስም ተጽፎ እስኪጠቁር ተሰርዟል። የክርስትና ስሜ መስሎኛል። እባክዎ የኔታ፣ በደብዳቤ አይጻፉት። ያንን ስም የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እናቴ ካረፈች በኋላ የነፍስ አባቴና እርስዎ ብቻ ቀርታችኋል። የተማርኩ ነኝ እያልኩ ይህን መፍራቴ ያሳፍረኛል። ግን እፈራለሁ።

ልጅዎ ጽናት


አዲስ አበባ
መጋቢት 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት

ሰላም ለኪ። ምስጋና ለፈጣሪ፣ ውዬ አድራለሁ። የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ የትምወርቅ ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሐኪሙ ማጎንበስ ከልክሎኛል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች መስመሯ ቀጥ ያለ ነው፤ ፊደሏ ግን እንደ ችኩል ስፌት ነው። ይህንንም ራሷ እየጻፈችው ነው፣ ስታጉረመርም እሰማታለሁ።

ስሙን ያሰረዝኳት እኔ ነኝ። በጸሎት የማነሳሽ በዚያ ስም ነውና አፌ ለምዶ አለው፣ እሷም ጻፈችው፤ ኋላ ደነገጥኩ። አንዴ ሰምታዋለችና እንደገና ሦስት ሆነናል። ይቅር በይኝ።

ስለ ዓይኔ ጠይቀሻል። መድኃኒት ያንጠባጥቡልኛል። ሌላው ጊዜ ይፈልጋል ብለውኛል።

ስለ መዝገቡም ጠይቀሻል። የጻፍኩት ልጆቻችንን ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ አልጻፍኩም። «ለማወቅ ያህል» ያልሽው ግን አላማረኝም። ፊደል ስትቆጥሪ ጀምሮ አውቅሻለሁ። ሰባት ዓመትሽ ሳለ መጥተሽ «የኔታ፣ ቀለም ከአጎዛ ላይ በምን ይለቃል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል። ሄጄ ባየው የቀለም ቀንዴን አጎዛዬ ላይ ደፍተሽዋል።

አሁን ምን ተደፋ?

መርስዔ ኃዘን


እንዶድ አምባ
መጋቢት 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ተደፍቷል።

ሕክምናዎን ጥለው እንዳይመጡ ብዬ ነበር የደበቅሁት። ያ የላኩት ዝርዝር ሞላሌ፣ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ይህ ዘንድሮ የተጀመረ ነው፤ ስሙ የተሳሳተበት ካለ አይቶ እንዲያመለክት ነው። ደብዳቤያችንን የሚያመላልስልን ነጋዴው ውባየሁ አንብቦት መጣና «የትምህርት ቤታችሁ ስም ከላይ አለ፣ ከሥሩ ግን የእናንተ ልጅ አንድም የለም» አለኝ። ሄጄ አየሁት። በእርስዎ ውብ ጽሕፈት፣ ሃያ ሦስቱም በክርስትና ስማቸው፣ ከጎኑ የአባታቸው የክርስትና ስም። የገበያ ቀን ነበር። ሰው ሰሌዳውን ተደግፎ በበግ ይከራከራል።

በቅጽሩ ውስጥ የተጠራ ስም ከቅጽሩ አይወጣም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲደባደቡ እንኳ በዚያ ስም አይጠራሩም። ማሙሽ ተገኘ በክርስትና ስሙ ወልደ ጻድቅ መሆኑን ጓደኞቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ከአጥሩ ውጭ ግን ቢገርፏቸው አይናገሩም። አሁን ያ ሁሉ ስም በሚስማር ተመቶ ፀሐይ ላይ ውሏል።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንደር ገባ። በማግስቱ ከሃያ ሦስቱ የመጡት ዘጠኝ ነበሩ፤ ዛሬ አራት። አንድ ነጠላ የተከናነበ ሰው ስሞቹን በእርሳስ አንድ በአንድ ሲገለብጥ ታይቷል ይላሉ። ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚወስደው የሚያውቅ የለም። ስም ይዞ ድግምት የሚያስደግም ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ግን እዚህ ማንም ለማንም አይነግርም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

እትዬ ጥሩሸዋ መጥተው በር ላይ ቆሙ። ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ።

«ሁለት ቀብሬአለሁ» አሉኝ። «የሁለቱንም ስም ጎረቤት ያውቀው ነበር። የሲናን ከነፍስ አባቴ፣ ከየኔታና ከቅጽሩ ልጆች በቀር ሰው አልሰማውም። አምኜ ሰጠኋችሁ፤ ገበያ ላይ ሰቀላችሁብኝ።»

ይህን ብለው ሄዱ።

ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ በሌላ በኩል ይዞናል። በየዓመቱ የምንልከው የጠዋቱን መዝገብ ነው፤ ከአዲሱ ዝርዝር ጋር አንድም ስም አይገጥምም። ስለዚህ የሌሉ ልጆች ፈጥራችኋል፣ ሰነዱ ሐሰተኛ ነው ይላሉ። ፈተናው ሰኔ 5 ነው። እስከዚያ ካልተጣራ ልጆቹ አይፈተኑም፣ የትምህርት ቤታችንም ፈቃድ ይነሳል። ከሰዓታችንን ድሮም በጎሪጥ የሚያዩት አሉ። እስካሁን ያለፉን ጠዋቱ በክፍል፣ ከሰዓቱ በቅጽር፣ ሁለቱ ተለያይተው ስለኖሩ ነው። አሁን በአንድ ወረቀት ላይ ተደባለቁ። ከሥሩ የፈረሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ጽናት


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ልጄ ጽናት

እመጣለሁ። ለሆሳዕና እዚያ እሆናለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንዴት እንደሆነ በወረቀት አትጠይቂኝ። የመጡትን አራቱን ልጆች አስተምሪ። አንድም ቢመጣ አስተምሪ። የቀሩትን ወላጆች ፊት ለፊት አነጋግራለሁ።

ማን እንደገለበጠው አጣሪልኝ። እሱ እንቅልፍ ነሳኝ።

መርስዔ ኃዘን

[በፖስታው ክዳን ውስጥ፣ በእርሳስ]

እህቴ ጽናት፣ ይህን ጋሼ አላዘዙኝም። ጋሼ አያዩም። ከመስከረም ጀምሮ እየደበዘዘባቸው ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም። አሁን ቀኑን ከጨለማው ብቻ ነው የሚለዩት። ሐኪሙ ዘግይተዋል ብሏል። ደብዳቤሽን የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ያለፈውን ስጨርስ ምሳቸውን ሳይነኩት ቀሩ። ዛሬ ጠዋት ብቻቸውን አውቶቡስ ሊሳፈሩ በሩን በዳበሳ ሲፈልጉ አገኘኋቸው። እንዳይመጡ አንድ ነገር በያቸው። እሳቸው የማይሰሙት ነገር ካለሽ ደግሞ በሌላ ወረቀት ጻፊልኝ። የትምወርቅ


እንዶድ አምባ
ሚያዝያ 15 ቀን 1994 ዓ.ም.

የኔታ፣ ለሆሳዕናው በሰላም ያድርስዎ።

ደስ የሚል ወሬ ልንገርዎት። ነገሩ እየበረደ ነው። ልጆቹ ተመልሰዋል ማለት ይቻላል። የፈተናውን ጉዳይ የያዙት አቶ ምንይሉ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ አስረድቻቸው ተግባብተናል። ሲናም ዳዊቱን እንዳስጀመረች አለች፣ ድምፅዋ እንዲያውም ጎልብቷል። ስለዚህ በከንቱ አይልፉ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጣርማ በር ላይ አውቶቡስ ተይዞ እያደረ ነው። ሕክምናዎን ጨርሰው በሰኔ ይምጡልን።

ልጅዎ ጽናት

[ሁለተኛው ወረቀት]

የትምወርቅ፣ ይህን ለብቻሽ አንብቢው። በዚያኛው ወረቀት ላይ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው። በጾም እንዲህ ስዋሽ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ትናንት ፖሊስ መጥቶ ነበር። «መርስዔ ኃዘን የሚባሉት የት ናቸው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አይቆጣም፣ አይጮህም፤ ዝም ብሎ በደብተሩ ላይ ጻፈና ሄደ። ሐሰተኛ ሰነድ ማለት እስር ነው። የኔታ አሁን ቢመጡ ከአውቶቡስ ሲወርዱ የሚቀበሏቸው እነሱ እንዳይሆኑ እፈራለሁ። አያዩም ያልሽውን ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ እየወረዱ በእግራቸው መሬቱን ሲፈልጉ ነው የሚታየኝ።

ሲና ታማለች። ስድስተኛ ቀኗ ነው፣ ትኩሳቱ አልለቀቃትም። እናቷ ጸበል ይዘዋት ሄደዋል። ጤና ጣቢያም ይውሰዷት ብዬ ብልክባቸው «ስሟን ያወጣች ትምከረኝ?» ብለው መለሱልኝ። ተስቦ ነው፤ በመንደሩ ሌሎችም ታመዋል። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ግን ያቺ ልጅ ብትሞት፣ የትምወርቅ፣ ቅማል ነው የገደላት ብዬ ማመን የምችል አይመስለኝም።

አቶ ምንይሉን እስካሁን አላገኘኋቸውም። ሦስት ጊዜ ሄጄ በር ላይ ተቀምጬ ተመለስኩ። ትናንት ክፍል የመጡት ሁለት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የመጡት የሚሸሸጉበት ዘመድ ቤት ስለራቀባቸው እንጂ ሳይፈሩ ቀርተው አይደለም።

ጋሼን ያዥልኝ። ካስፈለገ ጫማቸውን ደብቂ።

ጽናት


አዲስ አበባ
ግንቦት 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ ልጄ።

ወረቀቱ ሁለት ነበር። የትምወርቅ ፖስታውን ስትከፍት ሰማሁት፤ አንዱን አነበበችልኝ፣ አንዱን አጠፈችው። ዓይን ሲሰናበት ጆሮ ሥራ ይበዛበታል። እስክንፈስክ ታገስኳትና በማግስቱ «ያጠፍሽውን አምጪ፣ ጫማዬንም አምጪ» አልኳት። እያለቀሰች አነበበችው። አትቆጪያት።

የዋሸሽውን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ። የኔን ውሸት ግን አሁን ስሚ።

በታኅሣሥ ስም ላኩ የሚለው ወረቀት ሲመጣ፣ የጠዋቱን መዝገብ ከሳጥኑ አወጣሁት። ያንቺ የእርሳስ ጽሕፈት ጉም ሆነብኝ። ወደ መስኮት ወሰድኩት፣ ወደ ፀሐይ አወጣሁት፤ ያው ጉም ነው። አንዱን ልጅ ጠርቼ አንብብልኝ ማለት እችል ነበር። አፈርኩ። ርዕሰ መምህሩ አያነብም ከተባለ ፈቃዳችንን ይነጥቁናል ብዬም ፈራሁ። መጻፉ አልቸገረኝም፤ እጄ አርባ ዓመት የለመደው ነው፣ ዓይን ሳይጠይቅ ይሄዳል። ግን ምን ልጻፍ? የዓለም ስማቸውን ከነአባታቸው በቃሌ አላውቀውም። አፌ ላይ ያለው በየቀኑ ከሰዓት የምጠራቸው ስም ነው። እሱን ጻፍኩት። ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚያልፍ ወረቀት ነው፣ ሳጥን ገብቶ ይቀራል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሰሌዳ ላይ ይወጣል ብሎ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ይኸው ነው። ልጆቹን ገበያ ላይ ያወጣቸው የኔ እፍረት ነው።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ለጽሕፈት ቤቱ የተጻፈ ቃሌ አለ። ዓይኔን፣ መዝገቡን፣ ሁሉንም ተናግሬአለሁ። የትምወርቅ ጽፋዋለች፤ እኔ ከሥሩ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አትሜበታለሁ፣ ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው። ውሰጂላቸው። የት ነው ያሉት ካሉሽም አድራሻዬን ስጪያቸው። ስለኔ ከእንግዲህ አትዋሺ።

ሲና እንዴት ናት? ሌላውን ሁሉ ትተሽ መጀመሪያ እሱን መልሽልኝ።

መርስዔ ኃዘን


እንዶድ አምባ
ግንቦት 15 ቀን 1994 ዓ.ም.

የኔታ፣ ሲና በሕይወት አለች።

እናቷ በስምንተኛው ቀን ከጸበሉ አውጥተው በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሷት። እኔን ሰምተው አይደለም፤ ልጅቷ እናቷን መለየት ስላቃታት ደንግጠው ነው። ትኩሳቱ ወርዷል። ጸጉሯ ተላጭቶ አንገቷ እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል ይላሉ። ሄጄ እንዳላያት ተከልክያለሁ። ተርፋለች መባሉን ስሰማ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ የመጡት ልጆች እኔን ማባበል ያዙ።

ቃልዎን አደረስኩ። በዚህ ጊዜ አቶ ምንይሉ አስገቡኝ። የአውራ ጣትዎን አሻራና በታኅሣሥ የጻፉትን ዝርዝር ጎን ለጎን ዘርግተው አመሳከሩ። «ይህን የጻፉት ሰው አያዩም ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። በሳምንቱ በእግራቸው ዳገቱን ወጥተው መጡ። የቀሩትን ልጆች ጭምር በየቤታቸው ዞረው ቆጠሯቸው። ሃያ ሦስት ናቸው። የሌለ ልጅ የለም። ፖሊሱም ከእንግዲህ አይመጣም አሉኝ። ይህን ስሰማ ያልዘለልኩት ቀጥሎ ያሉት ነገር ስላለ ነው።

የመፈተኛ ካርዱ ታትሟል፤ አይለወጥም። ስም በፍርድ ቤት ማስለወጥ ከፈተናው በኋላ ብዙ ወር ይፈጃል። ልጆቹ መፈተን ከፈለጉ ካርዱ ላይ ባለው ስም ይፈተናሉ። የምስክር ወረቀቱም በዚያው ስም ይወጣል፣ ሁለተኛ ደረጃም በዚያው ስም ይመዘገባሉ፣ እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን በየቢሮው የሚጠሩት በእሱ ነው። ያልፈለገ ለከርሞ ይቆይ አሉ። ሴት ልጅ ለከርሞ ስትቆይ ምን እንደሚከተል እርስዎም ያውቃሉ፤ ከርሞ የምትገኘው በባል ቤት ነው።

ወላጆችን ሰበሰብኩ። አቶ ተገኘ ተነስተው ተናገሩ። ዝርዝሩን በእርሳስ የገለበጠውን ሰው የላኩት እሳቸው ናቸው! ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ይለይልኝ ብለው ዲያቆን የሆነ የወንድማቸውን ልጅ ልከው፣ ሰው እንዳያውቀው ተከናንቦ ሄዶ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የሸሸነው የራሳችንን መልእክተኛ ነው። ሊስቁ የዳዱ ነበሩ፤ ግን ሳቁ አልመጣም። «እሱስ የኛ ሆነ፤ ከእሱ ሌላ ያነበበው ግን ስንት ነው?» አለ አንዱ። እንዲሁ ተበተንን።

ፈተናው ሃያ ቀን ቀርቶታል። ማን እንደሚመጣ አላውቅም። ሒሳቡን ለሰባት ልጆች እየከለስኩ ነው። ለቀሩት ጥያቄዎቹን ጽፌ በታናናሾቻቸው እልክላቸዋለሁ። አንዳንዱ ተሠርቶ ይመለሳል፣ ስም ግን አልተጻፈበትም።

ጽናት


አዲስ አበባ
ግንቦት 25 ቀን 1994 ዓ.ም.

ልጄ

ወላጆቹን ላስገድዳቸው ወይ ብለሽ በወረቀት ባትጠይቂኝም፣ መጠየቅሽን ሰምቻለሁ። አታስገድጃቸው። ያልመጣውን ልጅ ቤቱ ሄደሽ አታምጪ። ፍርሃታቸውን አላዋቂነት ነው የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ እኔም ፈርቻለሁ በይው። ስማቸውን ከሰዓት ጮክ ብዬ ስጠራ የማልፈራው አጥሩ ስላለ ነበር። አጥሩን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ደፍራችሁ ውጡ ብዬ የማዝበት አፍ የለኝም።

የምፈራው ሌላም አለ። ሃያ ሦስቱ ሳይፈተኑ ቢቀሩ ከሰዓቱ ጠዋቱን በላው ይባላል። ግዕዙን ያስተማርናቸው ቋንቋቸውንና ሥርዓታቸውን ሳይጥሉ ዘመኑን እንዲማሩ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማስተማር አይቻልም ላሉን ሰዎች ማስረጃቸውን በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠኋቸው። ቀን ቀን ይህንን ሳስብ እውላለሁ።

በፈተናው ቀን ማን እንደመጣ ብቻ ጻፊልኝ። ጥቂትም ቢሆኑ አትደብቂኝ። የትምወርቅ ከእንግዲህ ወረቀት አታጥፍም፤ አስምያታለሁ።

መርስዔ ኃዘን


እንዶድ አምባ
ሰኔ 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለየኔታዬ

የጠየቁኝን ልመልስ። አሥራ ስምንት መጡ። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። አራቱ አልመጡም፤ እንዳሉኝ ቤታቸው አልሄድኩም።

ሞላሌ የደረስነው በጠዋት ነው። ግቢው በየትምህርት ቤቱ ልጆች ተሞልቷል፣ ወላጆች ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ጥሪ ተጀመረ። የሌላው ትምህርት ቤት ልጅ ስሙ ሲጠራ አቤት እያለ ይገባል፣ እንደ ቀልድ። የእኛ ተራ ደረሰ። ጠሪው ካርዶቹን በእርስዎ ዝርዝር ቅደም ተከተል ነው የያዘው፤ እርስዎ ደግሞ የጻፉት ንባብ በሚጀምሩበት ተራ ነው። የመጀመሪያዋ ሲና ናት። «አመተሥላሴ ወልደ አማኑኤል» አለ።

ዝም።

ሲና አልመጣችም ብዬ ነበር፤ ግን ዝም ያሉት ሁሉም ናቸው። አሥራ ስምንቱም እንደ አንድ ሰው መሬት መሬት አዩ። ከቅጽሩ ውጭ ማንም በዚያ ስም አቤት ብሎ አያውቅም። ያስተማርናቸው እንዲህ ነው፣ በደንብ ተምረዋል። የኔታ፣ ያኔ የገባኝ ፍርሃት ከዚያ በፊት አልገባኝም፤ የመጡትም ሳይገቡ ሊቀሩ ነው። ጠሪው ሁለተኛ ጠራ። በሦስተኛው ካልመለሰች አልተገኘችም ብሎ ሊያልፋት ነው፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን። ልናገር አልኩ። እኔ አስተማሪያቸው ስም መጥራት አቃተኝ።

በዚህ መሀል ከአጥሩ ውጭ የሴት ድምፅ ተሰማ። እትዬ ጥሩሸዋ ናቸው። ሲናን በበቅሎ አምጥተዋት ገና እያወረዷት ነበር። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «አመተሥላሴ! የምትጠሪው አንቺ ነሽ! አቤት በይ!» ብለው ጮኹ።

ልጅቷ በተላጨ ራሷ፣ እግሯ እየተብረከረከ፣ «አቤት» አለች። ድምፅዋ አልወጣም። «እንደ ከሰዓቱ በይ!» አሏት እናቷ። አለች፤ ግቢው ሁሉ ሰማት። በሩን ከፍተው አስገቧት። ቀጥሎ ወልደ ጻድቅ ተጠራ። ማሙሽ አባቱን ዞሮ አየ፤ አቶ ተገኘ ራሳቸውን ነቀነቁለት። «አቤት።» ከዚያ በኋላ አንዱም ዝም አላለም። ያልመጡት አራቱ ሲጠሩ ብቻ ዝም ሆነ፤ እነሱንም ልጆቹ በዓይናቸው ፈለጓቸው።

ልጆቹ ተፈትነው እስኪወጡ ከእትዬ ጥሩሸዋ ጋር አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ከመጋቢት ወዲህ ከእኔ ጋር ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው። እንዴት ደፈሩ አልኳቸው። «አልደፈርኩም» አሉኝ። «ሦስት ወር ሙሉ የትኛው ክፉ ይጠራት ይሆን እያልኩ ስፈራ ከረምኩ። መጠራቷ ካልቀረ ቀድሜ እኔ ልጥራት አልኩ። አሁንም እፈራለሁ።» ይቅር ብያችኋለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ዳቦ ነበራቸው፣ ቆርሰው ሰጡኝ።

ውጤቱ ነሐሴ ላይ ይወጣል። ያልፉ ይሆን? ፈቃዳችንስ? አቶ ምንይሉ የጻፉትን ሪፖርት አላየሁም። እኔም እፈራለሁ። ትናንት ሲና ስታስነጥስ ሮጬ ግንባሯን ዳሰስኩ።

ቢሆንም ይምጡ። ጣሪያው ተከድኗል። ሞላሌ ድረስ በቅሎ ይዘን እንቀበልዎታለን፤ አቶ ተገኘ እኔ ነኝ የምስባት ብለዋል። የጠዋቱን መዝገብ እኔ አነብልዎታለሁ። ከሰዓቱ ከድሮም በቃልዎ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለውባየሁ የምሰጠው ሳልዘጋው ነው። ፖስታ ጠፍቶ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ልጆች በዓለም ፊት አቤት ሲሉ እኔ አስተማሪያቸው አፌ ተሳስሮ ቆሜ ነበር፤ አሁን ግን ያ አይጻፉት ያልኩዎትን ስም ራሴ ከሥር ጽፌዋለሁ። የትምወርቅ እስከ መጨረሻው ድረስ ጮክ ብላ ታንብብልዎት።

ልጅዎ
ወለተ ሰንበት